ሳይጨርስ የሚቆም እሳት

በክረምት ማለዳ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲያለብስ፣ ከሰኞ ገበያ እስከ ሆጤ ባሉት ሰፈሮች ደጅ ደጁን አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። የከሰል ምድጃ ከቤት ይወጣል፤ ጭራሮ ወይም የካርቶን ቁራጭ ከሥሩ ይገባል፤ ክብሪት ይጫራል፤ ማርገብገቢያው ይነሳል። መጀመሪያ የሚወጣው ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ነው። ቀጥሎ ከሰሉ ይንጣጣል፣ ጠርዝ ጠርዙ ይቀላል፣ ከላዩ ስስ ሰማያዊ ነበልባል ይንሳፈፋል። ብርዱ ያስቸኮለው ልጅ ምድጃውን ሊያስገባ ሲል እናት «ቆይ፣ ጥቁሩ ይልቀቅ» ብላ ትመልሰዋለች።

ይህ ምክር በልምድ የተገኘ ነው። ግማሹ ልክ ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን ቤተሰብ ሊያሳጣ ይችላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ብርዷን በከሰል የምትመክት ከተማ ናት። ከእሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ያለችው ኮምቦልቻ ደግሞ ቢራ የሚጠመቅባት፣ ቆዳ የሚለፋባት የፋብሪካ ከተማ ናት። የደሴ ምድጃ፣ የጠላ ጋንና የኮምቦልቻ ፋብሪካ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ አንድ ኬሚካዊ ለውጥ ያለውን ሙቀት ሁሉ ሰጥቶ ይጨርሳል ወይስ መንገድ ላይ ይቆማል? ከቆመስ የቀረው ሙቀት የት ይሄዳል?

የከሰሉ ሒሳብ

ብዙዎቻችን ሙቀቱ ከሰሉ ውስጥ ታጭቆ የሚኖር፣ እሳት ሲነካው የሚፈታ ይመስለናል። ነገር ግን ከሰል አየር በማይገባበት ዕቃ ተዘግቶ የቱንም ያህል ቢግል አይነድም። ሙቀቱ የከሰሉ የብቻ ሀብት አይደለም፤ ከሰሉና በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲገናኙ የሚገኝ ነው።

አሥራ ሁለት ግራም ንጹሕ ካርቦን እንውሰድ። ከአንድ እፍኝ ከሰል ውስጥ ጥቂቱ መሆኑ ነው። የካርቦን አቶሞች እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚኖሩ እነሱን አንድ በአንድ ለመነጣጠል 717 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ኦክስጅንም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚኖር፣ ለዚህ ካርቦን የሚበቃውን ኦክስጅን ጥንድ ለጥንድ ለመለያየት 498 ኪሎጁል ይጠይቃል። እስካሁን ያለው ሁሉ ወጪ ነው፤ ድምሩም 1,215። ትስስር መበጠስ ምንጊዜም ጉልበት ይበላል እንጂ አይሰጥም። ትርፉ የሚመጣው አቶሞቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነው እንደገና ሲተሳሰሩ ነው፤ ያኔ 1,609 ኪሎጁል ይለቀቃል። ገቢው ከወጪው ሲቀነስ 394 ኪሎጁል ይተርፋል። እጃችንን የምናሞቀው በዚህ ትርፍ ነው።

ጎረቤት «እሳት ልጫር መጣሁ» ብሎ ፍም የሚወስድበት ምክንያትም እዚህ ሒሳብ ውስጥ አለ። ከሰልና አየር ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ምንም አይፈጠርም፤ የመጀመሪያዎቹን ትስስሮች የሚያላላ መነሻ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል። ጭራሮውና ክብሪቱ ያንን መነሻ ያቀርባሉ። አንዴ ከተጀመረ በኋላ የተቀጣጠለው ከሰል የሚሰጠው ሙቀት ጎኑ ያለውን ያስነሳል፣ እሳቱም ራሱን ይቀጥላል። ክረምት ላይ እርጥበት የጠጣ ከሰል እንቢ የሚለው መነሻው ሙቀት ውሃውን በማትነን ስለሚያልቅ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ እንፋሎት ለመሆን ብቻ 2,260 ኪሎጁል ገደማ ይወስዳልና።

በረዶ የለካው እሳት

ሙቀትን ለመቁጠር ከተሞከረባቸው ቀደምት መንገዶች አንዱ በረዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ላይ አንትዋን ላቯዚዬና ፒዬር ሲሞን ላፕላስ በበረዶ የተከበበ ዕቃ ሠርተው ከሰል አነደዱበት፤ ስንት በረዶ እንደቀለጠ ከሚፈሰው ውሃ ለኩ። ቀጥለው እዚያው ዕቃ ውስጥ አንዲት አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ አስቀመጡ፤ የእንስሳዋ ትንፋሽ የሚሰጠውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና የምታቀልጠውንም በረዶ ከከሰሉ ጋር አነጻጸሩ። ሁለቱ ተቀራረቡ። ላቯዚዬ ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ መተንፈስ ዝግ ያለ መንደድ ነው የሚል ነበር። እነዚሁ ሊቃውንት በ1783 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ አንድ ነገር ሲዋሐድ የሚለቀው ሙቀት ያው ነገር ተመልሶ ሲበተን ከሚወስደው ጋር እኩል መሆኑንም አስፍረዋል።

በ1840 ሴንት ፒተርስበርግ ይኖር የነበረው ኬሚስት ዠርማን ሄስ ሐሳቡን ወደ ሕግ አደረሰው። አንድ ለውጥ በአንድ እርምጃ ይፈጸም፣ በአሥር እርምጃ፣ መነሻውና መድረሻው እስካልተለወጠ ድረስ የሚወጣው ጠቅላላ ሙቀት አይለወጥም። ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው በሐረጎ ጥምዝምዝ መንገድ በሚኒባስ ቢሄድ፣ በአቋራጭ በእግሩ ቢወርድ፣ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ሐረጎ ላይ ወርዶ ሻይ ቢጠጣ የወረደው ከፊሉን ብቻ ነው፤ የቀረው ቁልቁለት ሳይጎድል እዚያው ይጠብቀዋል።

የሄስ ሕግ ደረቅ የፈተና ጥያቄ የሚመስለው እዚህች መሃል ማረፊያ ላይ ምን እንደሚሆን ካልታየ ነው።

ሰማያዊዋ ነበልባል

ከሰል ሲነድ መሃል ማረፊያ አለው፤ ስሙም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አየር ከምድጃው ሥር ገብቶ የመጀመሪያውን ፍም ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ በጋለው የከሰል ክምር መሃል ወደ ላይ ሲያልፍ ከተጨማሪ ካርቦን ጋር ይገናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ከላይ ንጹሕ አየርና በቂ ግለት ካገኘ እዚያው ይነዳል። በፍሙ ላይ የምትንሳፈፈው ሰማያዊ ነበልባል ይህ ጋዝ ሲነድ የሚታይባት ናት።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለት ግራሙ ካርቦን እስከ ካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ቢደርስ 110.5 ኪሎጁል ይሰጣል። ከዚያ ተነስቶ እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨርስ 283 ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ 393.5፣ ማለትም ቅድም ያገኘነው 394 ይሆናሉ። እንግዲህ ከሰሉ መንገድ ላይ ከቆመ፣ ከመቶ ሰባ ሁለት እጁ ሙቀት ሳይወጣ ከጋዙ ጋር ይበናል ማለት ነው።

ኪሳራው በሙቀት ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። ያልጨረሰው ጋዝ ማለቂያውን የሚፈልገው ሰው ሳንባ ውስጥ ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው የደማችን ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ጥቂት ጋዝ ብዙ ቦታ ይቀማል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስነጥስም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ይከተላል፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ያልፋል። በአገራችን «ከሰል መታው» የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ወደ እናትየው ምክር እንመለስ። «ጥቁሩ ይልቀቅ» ማለቷ ልክ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ጭስ ሳይከስሉ የቀሩ የእንጨት ተረፎች የሚለቁት ነውና በቤት ውስጥ መተንፈስ አይገባም። ስህተቱ ጥቁሩ ከለቀቀ በኋላ ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ማመኑ ነው። ጭስ የሌለው ቀይ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማመንጨቱን አያቆምም። እንዲያውም ፍሙ እየደከመ፣ አመድ እየለበሰ ሲሄድ ሰማያዊዋ ነበልባል ትጠፋለች፤ ጋዙን ከላይ የሚያነድለት ግለት ይቀንሳልና ሳይነድ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ዕጣን ቢጨስበት ሽታው ያምር ይሆናል፣ ጋዙ ግን ቅንጣት አይቀንስም።

እሳት መዳፈንም እንዲሁ ነው። ማታ ፍሙን በአመድ ቀብሮ ማሳደር የአያቶች ብልሃት ነው። አመዱ አየር ስለሚቀንስ ለውጡ ይዘገያል፤ ሙቀቱንም ስለሚይዝ ፍሙ ሳይጠፋ ያድራል፣ ጠዋት ክብሪት ሳያስፈልግ ይነሳል። ይህ ብልሃት የተወለደው ግን ጢስ በሣር ክዳኑ በሚወጣበት ጎጆ ወይም ለብቻው በቆመ ማድ ቤት ነው። መስኮቱ በተዘጋ፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ በተወተፈበት የኮንክሪት ክፍል ውስጥ የተዳፈነ እሳት ሌሊቱን ሙሉ እያዘገመ መርዝ ያመርታል። ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል አይደር። ከሰል የመታው ሰው ቢገኝ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋምም ማድረስ ነው።

ጀበናው ስንት ከሰል ይበላል?

አንድ ሊትር የደሴ የቧንቧ ውሃ 18 ዲግሪ ላይ ነው እንበልና ጀበና ላይ እንጣደው። ደሴ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ይሳሳል፤ ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ኮምቦልቻ ወርዶ የሚያፈላ ሰው ደግሞ 94 ገደማ ላይ ያገኘዋል። የደሴውን ውሃ ለማፍላት 310 ኪሎጁል ያህል ይበቃል። አንድ ግራም ጥሩ ከሰል 30 ኪሎጁል ገደማ ስለሚሰጥ፣ ሒሳቡ አሥር ግራም፣ ማለትም አንዲት የከሰል ፍንካች ብቻ ይጠይቃል።

ቡና አፍልቶ የሚያውቅ ሰው በዚህ ይስቃል። በተራ የቆርቆሮ ምድጃ ከከሰሉ ሙቀት ወደ ውሃው የሚገባው ከአራት አንዱ እጅ ያህል ነው። ቀሪው በምድጃው ጎን ወደ ቤቱ ይጨረራል፣ ከጋለው አየር ጋር ይነሳል፣ ከፊሉም ባልነደደ ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክ ይወጣል። ስለዚህ አሥሩ ግራም አርባ ይሆናል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ቡና ተፈልቶ አይቆምም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪዳረስ፣ ዱዓው እስኪደረግ፣ ጨዋታው እስኪደምቅ ፍሙ እየተጨመረ ይቆያል። ብርድ ላለበት ቤት ወደ ክፍሉ የወጣው ሙቀት ሙሉ በሙሉ ኪሳራ አይባልም፤ ጀበናውን ያመለጠው ጉልበት እግር ያሞቃልና።

ከፍታው ሌላም ነገር ይነካል። ደሴ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ባቄላና ሥጋ ግን ይዘገያል። ምግብ መብሰል ራሱ ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ የሙቀት መጠን በጥቂት ዲግሪ ሲወርድ ፍጥነቱ በግልጽ ይቀንሳል። ውሃው ከ92 በላይ አልሄድም ስለሚል እሳት መጨመር ብቻውን አያፈጥነውም፤ እንፋሎቱን ያበዛል እንጂ። ክዳኑ የሚጠብቅ ድስት፣ በተለይም በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው፣ ለደሴ ማድ ቤት ከኮምቦልቻው ይልቅ ጥቅሙ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ከተማ ሳይደርስ ያለቀ እንጨት

ከሰሉ ጆንያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንድ ያልጨረሰ እሳት አሳልፏል። ከሰል አክሳዩ እንጨቱን ይከምራል፣ ቅጠልና ሣር ያለብሰዋል፣ አፈር ይመልስበታል፣ ከዚያ ቀዳዳ ትቶ ያቀጣጥለዋል። ዓላማው እንጨቱ እንዲነድ ሳይሆን ጀምሮ እንዲቆም ነው። መጀመሪያ ከፊሉ እንጨት ተቃጥሎ የቀሪውን ውሃ ያተናል፤ በዚህ ጊዜ ክምሩ ሙቀት ተቀባይ ነው። የውስጡ ግለት 280 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ነገሩ ይገለበጣል፤ እንጨቱ ራሱ እየተበተነ ሙቀት መስጠት ይጀምራል። ባለሙያው ይህን የሚያነበው በጭሱ ነው፦ ጥቅጥቅ ያለው ነጭ ጭስ እንፋሎት ነው፤ ወደ ሰማያዊ እያደላ ሲሳሳ ከሰሉ ደርሷልና ቀዳዳው ሁሉ በአፈር ይደፈናል።

በአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ሰባት ኪሎ ያህል እንጨት ሊያስፈልግ ይችላል። በአየር የደረቀ እንጨት በኪሎ 15 ሜጋጁል ገደማ ስለሚይዝ ሰባቱ ኪሎ 105 ሜጋጁል ነበረው። ከሰሉ ይዞ የሚወጣው 30 ነው። ከመቶ ሰባው ገደማ በጭሱ፣ በሬንጁ፣ በካርቦን ሞኖክሳይዱና በሌሎች ሊነዱ በሚችሉ ጋዞች መልክ፣ እንዲሁም ክምሩ ራሱ በበላው ሙቀት ሜዳ ላይ ቀርቷል። ከሰል በከተማ የሚወደደው ቀሎ ስለሚጓጓዝ፣ ጭሱን ገጠር ትቶ ስለሚመጣ ነው። ጭሱ ሲቀር ግን የዛፉ ሙቀት አብዛኛው አብሮ ቀርቷል።

ለዚህ ከፊል መልስ የሆነ አንድ የአማራ ክልል ተሞክሮ አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ውስጥ ይገኛል። ገበሬዎች ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለ የግራር ዝርያ በእርሻቸው ይተክላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት በመሃሉ ጤፍ ይዘሩበታል፤ ዛፉ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጠው እዚያው ያከስሉታል፤ መሬቱም ወደ እህል ይመለሳል። ዛፉ ናይትሮጅን ከአየር ስለሚያስር አፈሩን ይክሳል። ከሰሉ ከጥንት ደን ሳይሆን ከተዘራ ዛፍ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። የክምሩ ብክነት ግን ያው ነው፤ ጭሱን መልሶ የሚያነድ የተሻሻለ ማክሰያ ካልተተካ በቀር አይለወጥም።

ኮምቦልቻ፦ መቆሙ የሚፈለግበት ቦታ

ሐረጎን ወርደን ቢጂአይ ኢትዮጵያ ቢራ ወደሚጠምቅባት ኮምቦልቻ ስንደርስ፣ ሳይጨርስ የቆመ ለውጥ ሸቀጥ ሆኖ እናገኘዋለን። ጠላ ጠማቂዋ በብቅልና በጌሾ፣ ፋብሪካው በገብስ ብቅል የሚያደርጉት በመሠረቱ አንድ ነው፦ ብቅሉ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

180 ግራም ግሉኮስ በአየር ሙሉ በሙሉ ቢነድ 2,805 ኪሎጁል ይሰጣል። ከእሱ የሚገኘው አልኮል ለብቻው ሲነድ 2,734 ይሰጣል። በሄስ ሕግ መሠረት እርሾው በመሃል የሚያወጣው ልዩነቱን፣ 70 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ነው፤ ስኳሩና አልኮሉ በውሃ ስለሚሟሙ በጥንስሱ ውስጥ ሲለካ ወደ 100 ይጠጋል። የስኳሩ ጉልበት ከሞላ ጎደል ሁሉም አልኮሉ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ጥሩ አረቄ ክብሪት ሲነካው በሰማያዊ ነበልባል የሚነደው፣ የጠጣውም ሰው ሰውነት ሙቀት የሚያገኝበት ከዚህ ከቀረው ነው።

ትንሽ ቢመስልም ይህ የእርሾ ሙቀት ፋብሪካ ያስጨንቃል። በሊትር 100 ግራም ስኳር ያለው ጥንስስ ሙቀቱን ለማንም ሳይሰጥ ቢብላላ 13 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። የቤት ጋን ለዚህ አይጨነቅም፤ ይዘቱ ትንሽ፣ ግድግዳው ደግሞ ለይዘቱ ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱ እየወጣ ያልቃል። ዕቃው በሁሉም ጎን አሥር እጥፍ ቢያድግ ግን ይዘቱ ሺህ እጥፍ፣ ሙቀት የሚያስወጣው ገጹ መቶ እጥፍ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ትላልቆቹ የቢራ ታንኮች ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚዞርበት ልባስ ያስፈልጋቸዋል። ሴት አያቶቻችን ያለ መብራት የጠመቁትን ፋብሪካ በማቀዝቀዣ የሚጠምቀው በመጠኑ ምክንያት ነው።

እዚያው ኮምቦልቻ ያለው የቆዳ ሥራ ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ጥሬ ቆዳ ጸጉሩን የሚለቀው በኖራ ነው፤ ኖራም የሚገኘው ሙቀት በማውጣት ሳይሆን በማስገባት ነው። 100 ግራም የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲጠበስ 178 ኪሎጁል ውጦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቃል። የተጠበሰው ኖራ ውሃ ሲነካው የሚንተከተከው ከዋጠው 65ቱን በደቂቃዎች ስለሚመልስ ነው፤ ያኔ ዓይንና ቆዳ በብርቱ ሊያቃጥል ይችላል። ያ ኖራ ግድግዳ ላይ ቢቀባ ቀሪውን 113 ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር እየሳበ በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ ይመልሳል፤ ተመልሶም ድንጋይ ይሆናል። 65 እና 113 ሲደመሩ 178። የተወሰደው ሁሉ ተመልሷል፤ ልዩነቱ የፍጥነት ነው።

የት ይጨርስ?

እንግዲህ ጉልበት አይጠፋም የሚለው ሕግ እውነት ቢሆንም ለደሴ ቤተሰብ ብቻውን አይበቃም። የሚጠቅመው ጥያቄ ለውጡ የት ላይ ይቆማል፣ የቀረውስ የማን እጅ ይገባል የሚለው ነው። በቢራ ታንክ የቀረው ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ይሸጣል። በከሰል ክምር የቀረው ሜዳ ላይ ይበናል። በተዘጋ ክፍል የቀረው ሰው ደም ውስጥ ይገባል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሠሩ መልሶች አገር ውስጥ አሉ። ላቀች የተባለው፣ ውስጡ ሸክላ የለበሰው የከሰል ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል፤ ሸክላው ሙቀቱን በጎን ከመውጣት ስለሚከለክለው። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ደግሞ ከሦስት ጉልቻ አንጻር የእንጨቱን ግማሽ ያህል ያድናል፤ እሳቱን ስለሚከልለውና ሙቀቱን ከምጣዱ ሥር ስለሚያቆየው።

አንድ ቤት በቀን አንድ ኪሎ ከሰል ያነዳል ብለን እናስላ። ሩብ ኪሎ ቢቆጥብ የከሰል ቸርቻሪዋ ጋ የሚታየው ቁጠባ ትንሽ ነው። ከክምሩ በስተጀርባ ሲታይ ግን ያ ሩብ ኪሎ ከከሰሉ በፊት 1.75 ኪሎ እንጨት ነበር፤ በዓመት 640 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከሰሉ ሲነድ የሚባክነው ላይ ሲከስል የባከነው ስለሚደረብ፣ ምድጃ ላይ የዳነች እያንዳንዷ ፍም ጫካ ውስጥ ሰባት እጥፍ ትቆጠራለች። ቁጠባ ከዚያው ከምድጃው ቢጀምር የሚያዋጣው ለዚህ ነው።